ሥራ የፈታው ግራ እግር

ሹፌሩ ማታ ማታ አውቶቡሱን ከዴፖው አጥር ሥር አቁሞ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ቶሎ አይወርድም። የማርሹን ዘንግ በግራ እጁ ይይዝና የጫፉን እጀታ በቀኝ እጁ እያሽከረከረ ይፈታዋል፤ በመሐረብ ይጠቀልለዋል፤ ከኮቱ ኪስ ይከተዋል። ከዚያ ነው በሩን የሚከፍተው። እጀታው እንቁላል የሚያህል ጥቁር እንጨት ነው። አናጢ የሆነው የሚስቱ ወንድም ጠርቦ የሰጠው ሲሆን፣ ከዓመት ዓመት የእጁን ወዝ ጠጥቶ ጠጥቶ ከእንጨትነት ወጥቶ ቀንድ መስሏል።

እጀታው የተፈታለት ዘንግ ጫፉ ጥርሳም ብረት ነው፤ የጨበጠውን መዳፍ ይልጣል። አንድ ጊዜ እሱ ታሞ በቀረ ዕለት ተተክቶ የነዳው ሹፌር እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ተመለሰና፣ «ይሄ አውቶቡስ ነው ውሻ? ጌታው ሲቀር ይናከሳል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ የእሱን አውቶቡስ ልንዳ ያለ ሰው አልተገኘም። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር። ሹፌሮቹም እናቱ ያወጣችለትን ስም ትተው «ጋሽ እጀታ» አሉት፤ በዚያው ጸና።

የሚያመላልሰው የሆስፒታል ሠራተኞችን ነው። ጠዋት የቀን ተረኞችን ያደርስና የሌሊት ተረኞችን ጭኖ ወደየሰፈራቸው ይመልሳል። ከሌሊት ተረኞቹ አንዷ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደር ሲወለውሉ አድረው ይመጡና ከሹፌሩ ኋላ ያለችውን የመጀመሪያዋን ወንበር ይይዛሉ። ጭንቅላታቸውን ሹፌሩን ከተሳፋሪው በሚለየው መከለያ መስተዋት ላይ ያስደግፋሉ። አውቶቡሱ ከሆስፒታሉ በር ሳይወጣ እንቅልፍ ይዟቸው ጭልጥ ይላል።

ጋሽ እጀታ በስፖኪዮው ያያቸዋል። ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀንስ፣ ሜዳው ላይ ሲጨምር፣ የእማማ ጭንቅላት ከመስተዋቱ ንቅንቅ እንዳይል እየተጠነቀቀ ነው። አንድ ቀን ሲወርዱ ትከሻውን መታ አድርገው፣ «ካንተ ኋላ ስቀመጥ ነው እኮ እንቅልፍ የምጠግበው፣ ልጄ። ቤቴማ የልጅ ልጆቼ መች ያስተኙኛል» አሉት። ሌላ ሰው ምስክር ወረቀት በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅል፣ እሱ ይህችን ቃል ከልቡ ሰቅሏታል።

ማርሹን ራሱ የሚቀይረው የመጀመሪያው አውቶማቲክ አውቶቡስ ዴፖው የገባ ጊዜ በሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። ክፍሉ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ እግሯ የተነቀነቀ ጠረጴዛ ያሏት ጠባብ ቤት ናት፤ ጭቅጭቁ ግን የአደባባይ ያህል ነበር። አንዱ ነዳጅ ይበላል አለ። ሌላው፣ «የበላውን ይብላ! ማታ ቤቴ ስገባ ደረጃ የምወጣበት እግር ካተረፈልኝ ምን ቸገረኝ» አለ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከበሩ ብቅ ብሎ፣ «አሮጌው ማኑዋል ሲበላሽ እኔን ትጠሩኛላችሁ። ያ ሲበላሽ ግን ኮምፒውተር የታቀፈ ሰው እስኪመጣ ቁጭ ነው» አለ። «ባትሪው መንገድ ላይ ቢሞትስ? ገፍታችሁ ልታስነሱት ነው? እንኳን እናንተ፣ ዝሆን ቢገፋው አይነሳም!»

ጋሽ እጀታ ሁሉንም አስጨርሶ ብድግ አለ።

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ልናገር» አለ። «አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ሹፌር አይደለም፣ ተሳፋሪ ነው። ልዩነቱ የፊቱን ወንበር መያዙ ብቻ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቃሏ የተወረወረችው ወደ አንዲት ሹፌር ነበር፤ አዲሱን አውቶማቲክ የተረከበችው እሷ ነበረች። በበጋም በክረምትም የቆዳ ጓንት ስለማይለያት «ባለ ጓንቷ» ይሏታል። ጣት በጣት ጓንቷን እየጎተተች ካጠለቀች በኋላ፣ «ፊት ካስቀመጣችሁኝማ ምን ጎደለኝ!» ብላ ወጣች። ሳቁ ግን ከእሷ ጋር አልወጣም። ጋሽ እጀታ ያቺን ቃል ወደዳት። በገባች በወጣች ቁጥር፣ «ተሳፋሪዋ ደረሰች፣ ቦታ ልቀቁላት!» ማለት ሥራው ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ቃሏ ከዴፖው ግቢም አልፋ የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሹፌሮች አፍ ገባች።

ይህን ሁሉ ሲል ግን የራሱ ግራ ጉልበት ታሞ ነበር። በአሮጌው አውቶቡስ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን እንደ ድንጋይ የከበደ ነው፤ የስንት ዓመት መርገጥ ጉልበቱን ፈጭቶታል። ቀስ ብሎ ሲረግጥ ምስማር የተሰካበት ያህል ይወጋዋል፤ ስለዚህ በአንድ ምት ድርግም አድርጎ መርገጥ ለመደ። ሲለቅ ግን ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ቀስ ይላል፤ የተኛን ሰው የሚቀሰቅሰው ፍሪሲዮን ሲለቀቅ እንጂ ሲረገጥ አይደለምና። ስለ ጉልበቱ ለማንም አልተነፈሰም። የሚያውቅ ካለች የምታሸው ሚስቱ ናት።

ሌሎች አውቶማቲኮች ተጨምረው የመጡ ሰሞን የስምሪት ኃላፊው ቢሮው አስጠራው። ኃላፊው ከእሱ በዕድሜ በብዙ የሚያንስ፣ ለስላሳ አነጋገር የሚያውቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ አዲሱን አውቶቡስ ይይዛሉ። አሮጌው ይወገዳል።»

«የትኛውን አዲስ? አውቶማቲኩን? እኔ?»

«እርስዎን ከሁሉም ያስቀደምነው ለጉልበትዎ ብለን ነው።»

«ለምኔ?»

«ለጉልበትዎ። እንደሚያምዎት ሰምተናል።»

«ማነው ያሰማችሁ? ጉልበቴ መጥቶ አመለከተ? ወይስ እኔ ሳላውቅ የጉልበት ኮሚቴ አቋቁማችኋል? ሰው አጋጭቻለሁ? ሰው አስረፍጃለሁ? ይህን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ቡና ቢይዝ ጠብታ አይፈስበትም! ይህን ለምን አልሰማችሁም?»

ኃላፊው ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ጥሎ፣ «ውሳኔ ነው ጋሼ» አለ። በዚያ ቤት «ውሳኔ ነው» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ጋሽ እጀታ በሩን አላንጓጓውም፤ እንዲያውም በቀስታ ዘጋው፤ እሱን የሚያውቅ ሰው ይህ የባሰ ቁጣ መሆኑን ያውቃል።

ማረፊያ ክፍሉ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ገብቶ ነበር። ያ መዳፉ የተላጠው ሹፌር ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሣ።

«ጋሽ ተሳፋሪ፣ እንኳን ደህና መጣህ! የፊቱን ወንበር ይዘንልሃል!»

ቤቱ ሳቀ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ይህ ግንድ ደግሞ ምሳሩን ስሎ ያቀበለው ራሱ ነው። ጋሽ እጀታ ግን ወደ ሳቁት አልዞረም፤ ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ወደ ባለ ጓንቷ ሄደ። አውቶቡሷን ከእሱ ጎን ነው የምታቆመው። ሲወርድ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ደረጃው ላይ ሲያስቀምጥ አይታዋለች፤ ማየቷንም ያውቃል።

«ደስ አለሽ?» አላት ሁሉም እየሰማ። «የሰው ጉልበት ይዘሽ ቢሮ ለቢሮ ዞረሽ ደስ አለሽ? እኔ በአፌ ነው የተጫወትኩብሽ፤ አንቺ ግን እንጀራዬ ላይ መጣሽብኝ!»

ባለ ጓንቷ ቀስ ብላ ተነሳች። ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ ያየሁትን አይቻለሁ፤ አልዋሽህም። ለሰው ግን አልተናገርኩም። ስድብህን ስጠጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የምናገረው ቢኖረኝ እዚሁ፣ እነዚህ ሰዎች ፊት፣ አፍንጫህ ሥር እነግርህ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገች ሴት ከስምሪት ቢሮ ስትወጣ አይቻለሁ። ከዚያ በላይ አታናግረኝ።»

ሰማያዊውን ሻርፕ የገዛው ራሱ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤት ሲገባ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዋን እየረገጠች የሰው ቀሚስ ትሰፋለች። ኮቱን ሳያወልቅ ከፊቷ ቆመ።

«ሄደሻል?»

መኪናው ቆመ። «ሄጃለሁ» አለች።

«ካለቃዬ ጋር ተቀምጠሽ ስለ ጉልበቴ ስትመክሪ ትንሽ አላፈርሽም?»

«ማፈርስ አፍሬያለሁ። ጎረቤታችን ነርሷ መጥታ፣ ‹ዳገቱ ላይ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ እግሩን በሌላው እጁ ከፍሪሲዮኑ ላይ ሲያነሳ አየሁት፤ እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ› ስትለኝ ነው ያፈርኩት። ለአንተ ልንገርህ ብዬ ስንት ጊዜ ጀመርኩ? ‹ዝም በይ፣ አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ› አላልከኝም?»

«አንቺስ? ይህን የእግር መኪና በሞተር ልቀይርልሽ ስልሽ፣ ‹ሞተር ጨርቅ አያውቅም፣ የእግሬን ልክ እኔ አውቃለሁ› ብለሽ እምቢ አላልሽም?»

«ብያለሁ። እኔ ብሳሳት ግን የሚበላሸው ቀሚስ ነው» አለችና መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች።

ለብቻው ራቱን በላ፤ እጀታውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጎ አስቀመጠው።

ሰኞ ጠዋት አዲሱን ተረከበ። መረከብ ከተባለ፤ ቁልፉን ሰጡት፣ «መልካም ሥራ» አሉት፣ አለቀ። ማርሽ የሚባል ዘንግ የለውም። ከመሪው ጎን የተደረደሩ ቁልፎች አሉ፤ አንዱን ሲጫኑት ይሄዳል፣ አንዱን ሲጫኑት ወደ ኋላ ይላል፤ እንደ ሊፍት። እጀታውን ከኪሱ አውጥቶ የሚሰካበት ቀዳዳ ይኖር ይመስል ዙሪያውን ቃኘ፤ መልሶ ከተተው። ከታች ሁለት መርገጫ ብቻ አለ፤ የፍሬኑ መርገጫ ሰፊ ነው፣ ድሮ ፍሪሲዮኑ እስከነበረበት ድረስ ተለጥጧል። ግራ እግሩ ወለሉ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። «ተሳፋሪ» ሲል ለራሱ አጉረመረመ።

የቀን ተረኞቹን በሰላም አደረሰ። እማማ እንደ ወትሮው ከኋላው ተቀምጠው፣ «አዲስ ነው እንዴ? ይመችህ ልጄ» አሉና ጭንቅላታቸውን አስደገፉ። ዳገቱን አውቶቡሱ ማርሹን ራሱ እየቀነሰ ወጣው። ጋሽ እጀታ ጆሮውን አቁሞ ሲያዳምጥ ነበር። ሦስተኛውን ሳይጠግብ ወደ ሁለተኛ ወረደ፤ ሲወርድም የእማማን ጭንቅላት ነቅነቅ አደረገው። «ይኸው!» አለ በሆዱ። «ከኋላው ሰው መተኛቱን ምኑ ያውቃል?» እየተብሰለሰለ መስቀለኛው መንገድ ደረሰ። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ቀኝ እግሩ ከነዳጁ ላይ ተነሳ። ግራ እግሩም እንደ ልማዱ፣ በአንድ ምት፣ ድርግም አድርጎ ፍሪሲዮኑን ረገጠ።

ፍሪሲዮን ግን አልነበረም። የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ያረፈው ፍሬኑ ላይ ነው።

አውቶቡሱ ግድግዳ የገጨ ያህል ባለበት ቀጥ አለ። ከኋላ ጩኸት፣ የሚንከባለል የምሳ ዕቃ፣ የሚወድቅ ቦርሳ ተሰማ። «ምን ሆነህ ነው ሰውዬ? ሰው ነው የጫንከው ሲሚንቶ?» ሲል አንድ ወንድ ነርስ ጮኸ። ጋሽ እጀታ ሲዞር እማማ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘዋል። በጣቶቻቸው መካከል ደም ይወርዳል። መከለያው መስተዋት ከንፈራቸውን ሰንጥቆታል። ነርሶቹ ተረባረቡ። እማማ ግን አልጮሁም፤ ከእንቅልፋቸው በቅጡ ሳይነቁ፣ «ምንድን ነው? ደረስን?» ነበር ያሉት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ እጀታ ከኃላፊው ቢሮ ገብቶ ጮኸ።

«ጉልበትህ ታሟል ብላችሁ ያከማችሁኝ በዚህ ነው! ባመመኝ እግር ስነዳ አንድ ሰው አልደማም፤ ያልታመመ መኪና ሰጣችሁኝ፣ በመጀመሪያው ቀን አሮጊት ደማች! አሁን ጥፋተኛው ማነው? እግሬ ነው? እግሬማ የተማረውን ነው የሠራው!»

«ጋሼ፣ የዛሬውን አልፈንልዎታል» አለ ኃላፊው። «ከተደገመ ግን መሪ አንሰጥዎትም። በር ጥበቃ ነው የምንመድብዎት።»

የዴፖው በር ላይ አንድ ቀይና ነጭ የተቀባ መዝጊያ ግንድ አለ። ሹፌር ሲመጣ ያነሱታል፣ ሲያልፍ ይጥሉታል። ጋሽ እጀታ በመስኮቱ አሻግሮ ግንዱን አየው። ያ መዳፉ የተላጠው ሹፌር ሲያልፍ እሱ ግንድ ሲያነሳለት ታየው።

ወደ ግቢው ሲወጣ ባለ ጓንቷ የአውቶቡሷን መስተዋት ትወለውል ነበር። ሊያልፋት ሲል፣ «ጫማህን አውልቅ» አለችው፣ ፊቷን ሳትመልስ።

«ምን?»

«የግራውን። ስትነዳ አውልቀው። እግር ጫማ ካደረገ ሥራ ያለው ይመስለዋል። በካልሲ ሲሆን ወለሉ ይቀዘቅዘዋል፣ የወለሉ ጎማ ምንጣፍ ይሻክረዋል፤ ያኔ መኖሩን አትረሳውም። ከወንበሩ ሥር ሰብስበው። እኔ እስክለምድ በአንድ ጫማ ነው የነዳሁት።»

«አንቺም ረግጠሽዋል ማለት ነው?»

«ረግጬዋለሁ እንጂ! ማኑዋል ነድቶ ያልረገጠው ማን አለ? ግን እኔ እምቢ ብዬ፣ ካላለማመዳችሁኝ ሰው አልጭንም ብዬ፣ ባዶውን እዚሁ ግቢ ውስጥ ስዞር ነው የረገጥኩት። አንተን ማን አለማመደህ? ቁልፍ ሰጥተው ሂድ አሉህ።»

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ጠዋት አፍሽን ምን ያዘው?» አለ ቱግ ብሎ። «ሴትዮዋ ከንፈሯ ሳይሰነጠቅ መናገር አቅቶሽ ነው?»

ባለ ጓንቷ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከፍ አለ።

«ልነግርህ መጥቼ ነበር! የአውቶቡስህ በር ላይ ስደርስ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? ‹ተሳፋሪዋ መጣች፤ ደግሞ ልታስተምረኝ ይሆናላ!› አልክ። ሁሉም ሳቀ። ተሳፋሪ ሹፌርን እንዴት ያስተምራል? ትቼህ ሄድኩ። መተዌ ልክ አይደለም፤ እኔም እማማን አውቃቸዋለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያንገበግበኝ ነው የዋለው። ግን ብቻዬን አልሸከመውም!»

ባልዲውን አንስታ ሄደች። ጋሽ እጀታ ማለቱን አስታወሰ። ሲለው ሳቁ እንዴት ደስ እንዳሰኘውም አስታወሰ። ይቅርታ የሚባለው ነገር ከጉሮሮው ተነስቶ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሷ ግን ራቀች፤ እሱም አልተጣራም።

ማታ ሚስቱን፣ «ነገ ሰው ፊት ጫማዬን አወልቃለሁ! በዚህ ዕድሜዬ! እንደ ሕፃን! ይኸው ያደረግሽኝ!» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ ሲነግራት እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ ወደ እግሩ አየች። የግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዷል። «አውልቀውና ወዲህ በለው» አለችና መርፌዋ ላይ ክር አስገባች።

በማግስቱ ጠዋት መሪው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግራና ቀኝ ቃኝቶ የግራ ጫማውን አወለቀ። ከወንበሩ ጎን አቆመው። እጀታውን ከኪሱ አወጣና፣ ሌላ ማስቀመጫ ስላልነበረው፣ ጫማው ውስጥ ከተተው። ወለሉ እንደተባለው ቀዝቃዛ ነው። የቀን ተረኞቹ ሲሳፈሩ አንዷ ነርስ እግሩን አይታ ሳቋን በእጇ አፈነች።

«ምን ያስቅሻል? ግቢና ቁጭ በይ!» አላት። «ይሄ መንዳት መሰለሽ? ይሄ መንዳት አይደለም!»

መስቀለኛው መንገድ ሲደርስ መብራቱ ቀይ ነበር። የግራ እግሩ ጣቶች ካልሲው ውስጥ ተኮማተሩ፤ ተረከዙ ከወንበሩ ሥር ተጣብቆ ቆየ። አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ቆመ።

ሆስፒታሉ በር ላይ የሌሊት ተረኞቹ ተሰልፈው ጠበቁት። እማማ በሰልፉ መካከል ነበሩ፤ ከንፈራቸው አብጦ በፕላስተር ተሸፍኗል። ጋሽ እጀታ ከወንበሩ ዞሮ፣ በመከለያው ጎን እጁን አሳልፎ የፊቷን ወንበር ጠረግ ጠረግ አደረገ።

«እማማ፣ ይማሩኝ። ቦታዎ ይኸውልዎ።»

«ምን ማለትህ ነው ልጄ፣ ያጋጥማል» አሉት። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ ወንበሯን ግን አልፈዋት ሄዱ። «ዛሬ ኋላ ይሻለኛል።»

በስፖኪዮው ተከተላቸው። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው የፊታቸውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ዓይናቸው አልተከደነም። ጋሽ እጀታ በሩን ዘጋ፤ የመሄጃውን ቁልፍ ተጫነ፤ አውቶቡሱ ከሆስፒታሉ ግቢ ወጣ።